ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ ልብ

«ለተከበራችሁ የድሬዳዋ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለጥናታችን ተሳታፊዎችና ለባለድርሻ አካላት በሙሉ፦ የጽሕፈት ቤታችን የጣሪያ ማራገቢያ ከረጅም ሕመም በኋላ ተፈውሶ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰ መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን። በሕመሙ ወቅት ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። የድንገተኛ የልብ ሞት ጥናት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት።»

ማስታወቂያው ክብ ማኅተም አርፎበት፣ በሁለት ኃላፊዎች ተፈርሞ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የድሮ የባቡር ቤት በር ላይ በምስማር ተሰቅሏል። ጽሕፈት ቤቱ ልብ ሳይታሰብ የሚቆምበትን ምክንያት ያጠናል። ማራገቢያውም የቆመው ሳይታሰብ ስለነበር ሠራተኞቹ ጉዳዩን እንደ ቤተሰብ ኀዘን ነበር የያዙት።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰው እዚያው ምስማር ላይ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ሄደ። ማስታወቂያውን የሚያነብ ስላልነበረ ፌስታሉንም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያየው የለም። ውስጡ የነበረው ከልብስ ሳሙና የማይበልጥ፣ ገመዶቹ በጥንቃቄ የተጠቀለሉ፣ ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ለሰባት ቀን የተሰጠው ለሰይፈ ሚካኤል ነበር፤ ለጡረተኛው የባቡር መካኒክ። ሰይፈ ሚካኤል ግን ሐሙስ ዕለት ሞቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ኢንስፔክተር ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሙሉ ሰውነት ያላት፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ማራገቢያ ከእጇ የማይለይ ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ዝናሽ ስትጠይቅ ሳይሆን መጠየቅ ስታቆም ነው የሚያስፈራው።

ዶክተር ይሳቅ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላት። ከአዲስ አበባ ለጥናቱ የመጣ፣ ሙቀቱን እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር ወጣት የልብ ሐኪም ነው።

«እንኳን ደህና መጡ ኢንስፔክተር። ይቀመጡ።»

«አንቺ በለኝ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባለው ሊሞት የደረሰ ሰው ብቻ ነው።»

«እሺ… ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። «የሰይፈ ሚካኤል ነገር ነው አይደል? ትናንት ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ሚስቱ ማዘንጊያ ከቀብር መልስ ጣቢያ መጥታ ‹ጤነኛ ነህ ብለው፣ ገመድ አስረው፣ ገደሉብኝ› ብላ ከሳሃለች።»

«ጥናቱ ማንንም አይገድልም። ጥናቱ ይመዘግባል።»

«የከሰሰችህም በሱ ነው፤ ስትመዘግብ ሞተ ብላ።»

ዶክተሩ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሷ አዞረው። «ሰይፈ ሚካኤል ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ አልጋው ላይ ሞቶ ነው የተገኘው። ትክክል?»

«ትክክል። ሚስቱ ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ።»

«ይኸው ልቡ። አሥር ሰዓት፣ ይመታል። አሥራ አንድ፣ ይመታል። እስከ አሥራ ሁለት ይመታል።»

ዝናሽ ካርቶኗን ማራገብ አቆመች። «ትርፍ ሰዓት ገብቶ ነው?»

«ሁለት ልብ ነው ያለው» አለ ዶክተሩ ሳይስቅ። «የልብ ምት ቅርጽ እንደ ፊርማ ነው። ሌሊቱንና ጠዋቱን የተመዘገበው የሰይፈ ሚካኤል ነው፤ መሣሪያውን ስገጥምለት ያየሁት ቅርጽ። ከምሳ በኋላ ግን በየቀኑ ሌላ ሰው ይገባል። ሲመሽ ይወጣል።»

«የሟቹስ ልብ እንዴት ነው?»

«በምዝገባው መሠረት ጤነኛ ነው።»

«ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ።» ግንባሩን ጠረገ። «ያስጠራሁዎት ስለ ሁለተኛው ነው። እዚህ ጋ ይዩት። የታችኛው የልብ ክፍል ከሥርዓቱ ወጥቶ ብቻውን ይሮጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። ባለቤቱ ‹ትንሽ አዞረኝ› ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። አንድ ቀን ሮጦ አይመለስም።»

«መቼ?»

«ማንም አያውቅም። ከአሁን በኋላ በማንኛውም ሰዓት። በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያስጨንቁት ለዚህ ነው፤ ሳይታሰብ ከሚሞቱት ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ምልክት ሞቱ ራሱ ነው። እኔ ዘንድ ምልክቱ አለ። ሰውየው የለም።»

ዝናሽ ማያ ገጹን አየች። አረንጓዴው መስመር እንደ ሕፃን ይራገጣል።

«ስለዚህ ገዳይ አይደለም የምፈልገው።»

«አይደለም። ሟች ነው የምትፈልጊው» አለ፤ አንቺ ማለቱ ለራሱም አልታወቀው።

ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ጨመረላት። መሣሪያው የሚመዘግበው ልብን ብቻ አይደለም፤ የለበሰው ሰው መቆሙን፣ መተኛቱን፣ መደፋቱንም ይይዛል። ያ የከሰዓቱ ሰው ይቆማል፣ መሬት ላይ ይደፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይደፋል። ልቡ የሚሮጠውም ያኔ ነው።

«ሰላት ነው» አለ ዶክተሩ በእርግጠኝነት። «ሰውየው ሙስሊም ነው። ሟቹ መጋላ ሰፈር ጓደኞች አሉት ሲባል ሰምቻለሁ።»

«የሰባቱንም ቀን ምዝገባ በወረቀት አውጣልኝ» ብቻ አለች።

የለቅሶው ድንኳን ከጽሕፈት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። ግቢውን ማዘንጊያና ታላቅ ወንድሟ ገብረወልድ ይጋሩታል። ገብረወልድ በባቡሩ ዘመን ትኬት ተቆጣጣሪ የነበረ፣ ረጅምና ጭምት ሰው ነው። ሰዉ ሁሉ በሙቀቱ ደረቱን ከፍቶ ሲያራግብ እሱ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። አልፎ አልፎ ደረቱን በሸሚዙ ላይ ያካል። በዚህ ወቅት ደረቱን የማያክ ድሬዳዋ ውስጥ ስለሌለ ልብ ያለው የለም።

ማዘንጊያ ዝናሽን ወደ መኝታ ቤቱ ወሰደቻት። አልጋው አጠገብ ከዘራ ቆሟል። ከከዘራው ጎን ጥቁር ቆዳ ጫማ።

«እዚህ ነው ያገኘሁት» አለች ማዘንጊያ። «በጀርባው ተዘርግቶ። ፊቱ ጥሩ ነበር። አፉ ደግሞ ልጄ፣ የጥርስ ሳሙና ይሸት ነበር።»

«ከሰዓት በኋላ ጥርሱን ይቦርሻል?»

«ሠላሳ ዓመት ስለምነው ጠዋት እንኳ ቦርሾ አያውቅም!» ሳቋ እንባዋን ጎትቶት መጣ። «ጫማውም እግሩ ላይ ነበር።»

«ጫማ አድርጎ ነው የሚተኛው?»

«በምን ዕድሉ አጎንብሶ ያወልቃል? ጉልበቱን እኮ ባቡሩ ጨረሰው። አይታጠፍለትም። ጠዋት እኔ ነኝ የማስርለት። ሐሙስ ግን…» ጫማውን አነሳች። ክሩ አሁንም እንደታሰረ ነው። «እኔ እንዲህ አላስርም። ይሄ የጭነት አስተሳሰር ነው።»

ዝናሽ ቋጠሮውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። «እትዬ፣ ጫት ይቅም ነበር?»

«ድሮ! ጾሙ ሲገባ ተወ። የንስሐ አባቱ ስለ ጫቱ ስግደት ሰጡት፤ ፋሲካ እስኪደርስ። ይኸው በየቀኑ ምሳውን እንደበላ ከገብረወልድ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ዶክተሩም ሲጠይቀው ‹ጫት አልነካም› አለው፤ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ወደ ጥናቱም የወሰድኩት እኔ ነኝ። አባቱ ሜዳ ላይ ክልትው ብለው ነው የሞቱት። እሱን እንኳ ቀድሜ ላድን ብዬ…»

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀላትም። ዝናሽ እጇን ያዘችላት፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

ስትወጣ ገብረወልድ አጠገብ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ሐሙስ ከሰዓት ከሱ ጋር ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።»

«እሱስ?»

«እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለ እንደገና። ሊሸኛት ተነሳ፤ የድንኳኑን ቋሚ ጨብጦ ትንሽ ቆየና መልሶ ተቀመጠ።

መጋላ፣ በሟቹ የድሮ ጓደኛ በአብዲቃድር ቤት በር ላይ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ቆሟል። የጎኑ ሸራ የታሰረበትን ገመድ ዝናሽ ሳትጎነበስ አየችው። የጭነት ቋጠሮ።

አብዲቃድር ጨርቅ ነጋዴ ነው። ቤቱ ውስጥ ከምሳ እስከ መግሪብ ሰላት የሚቀመጥ የጫት በርጫ አለው፤ መንግሥት ሲቀየር እንኳ ያልተቋረጠ። አሁን ከባጃጁ ባለቤት ከሉቅማን ጋር ትራሱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጫቱ መሀላቸው አለ፤ የነካው ግን የለም። ሦስተኛው ፍራሽ ባዶ ነው።

«ግቢ ዝናሽ፣ አቦ!» አለ ሉቅማን። «በሰይፉ ጉዳይ ነው የመጣሽው? ወላሂ ልባችን ተሰብሯል። በእንቅልፉ ሞተ ሲሉን…»

«ጥርሱን ማን ነው የቦረሸው?»

ከጎዳናው የቆራሌው ጩኸት ተሰማ።

«ዋሪያ ሉቅማን» አለ አብዲቃድር በመጨረሻ፣ «ነግሬህ ነበር።»

«ምን ነገርከኝ? ቡሩሹን ያመጣኸው አንተ!»

«ጫማውን ግን አንተ ነህ ያሰርከው» አለች ዝናሽ። «ቋጠሮህ ውጭ ቆሞ ይመሰክርብሃል። አሁን ከመጀመሪያው ንገሩኝ።»

አብዲቃድር ጀመረ። ሐሙስ ዕለት ሰይፈ ሚካኤል እንደ ሁልጊዜው መጣ፤ እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። ስለ ድሮው ጅቡቲ ባቡር እያወራ አሳቃቸው። ወሬው መሀል ላይ ቆመ። የቀልዱ ማሳረጊያ የሚመጣ መስሏቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁት።

«ጠበቅነው እኮ» አለ አብዲቃድር። «ያ ሰው ቀልድ ላይ ማቆም ያውቅበታል። ቆየን። ከዚያ ሉቅማን ነካው።»

«ሐኪም ቤት ለምን አልወሰዳችሁትም?»

«ሬሳ ነበር ዝናሽዬ» አለ ሉቅማን። «ትንፋሽ የለ፣ ምን የለ። ደረቱን ደበደብኩት፤ ውኃ አፈሰስኩበት። ሌላ ምን እናውቃለን? ከዚያ አሰብነው። ሰውየው ለሚስቱ ምሏል። ጾም ነው፣ ሁዳዴ። ጫት አፉ ውስጥ ተገኝቶ ሞተ ቢባል ማዘንጊያ ሁለት ጊዜ ነው የምትቀብረው። እና አጠብነው። ባጃጁ ውስጥ መሀላችን አስቀምጠን ቤቱ ወሰድነው። ትራፊኩ እጁን ቢያነሳልን እኔ ለሦስታችንም ሰላምታ መለስኩ።»

ዝናሽ ሳቋን ለመዋጥ ካርቶኗን ፊቷ ላይ አደረገች። ስታወርደው ዓይኗ ርሷል።

«ደረቱ ላይ መሣሪያው ነበር?»

«ኧረ የለም። አንድም ቀን ይዞት መጥቶ አያውቅም» አለ አብዲቃድር። «‹መሣሪያው ያጋልጠኛል፤ ልቤን ቤት ትቼው መጣሁ› እያለ ይስቃል።»

«ለማን ነበር የሚተወው?»

አያውቁም። ዝናሽም የዶክተሩን ነገር ነገረቻቸው፤ የታመመውን ልብ፣ መደፋቱን፣ መነሳቱን፣ ሙስሊም ነው መባሉን። አብዲቃድር ጥግ ያለውን የእንጨት ወንበር አሳያት። እግሩ ከተሰበረ ጀምሮ አልታጠፍ ብሎት ሰላት የሚሰግደው በወንበር ነው፤ ግንባሩ መሬት ከነካ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም ዞረው ሉቅማንን አዩት።

«እኔ?» አለ ሉቅማን። «እኔ ለብሼው አላውቅም!»

ግን እጁ ወደ ደረቱ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ሉቅማን የዚያን ቀን ምሽት ሞቱን ተቀበለ። ባጃጁን አቁሞ በእግሩ ሰፈሩን ዞረ፤ ያስቀየመውን ሁሉ «አውፍ በለኝ» አለ። ያላስቀየማቸውም ምናልባት ረስተውት ይሆናል ብሎ እነሱንም ይቅርታ ጠየቀ። ለአብዲቃድር የፍራሹን ቦታ፣ መስኮት ሥር ያለውን፣ ተናዘዘለት። ዶክተር ይሳቅ ጽሕፈት ቤት ጠርቶ ሲመረምረው ልቡ እንደ ኮርማ የሚመታ ሆኖ ተገኘ፤ ፊርማውም ያኛው አይደለም። ሉቅማን ከጤንነቱ ይልቅ የጠየቃቸውን ይቅርታዎች አስቦ ተናደደ።

ለዶክተሩ ግን ያለው አንድ ግምት ያ ነበር። እሱም አለቀ።

እሁድ ጠዋት ዝናሽ ከቅዳሴ ወጥታ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች። የሰባቱን ቀን ወረቀቶች ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሌላው ቀን ሁሉ ከሰዓቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ መቆም፣ መደፋት፣ መቆም፣ መደፋት። መሀል ላይ ሁለት ወረቀቶች ግን ለጥ ያሉ ናቸው። ከላያቸው የተጻፈውን ቀን አነበበች። ቀና ብላ ከቅዳሴ የሚወጣውን ሕዝብ አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሁሉም ደወለች።

ከሰዓት በኋላ በተፈወሰው ማራገቢያ ሥር ተሰበሰቡ። ማዘንጊያ በጥቁር ልብሷ፤ ገብረወልድ ከጎኗ፤ አብዲቃድርና ሉቅማን በሩ አጠገብ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆመው። ዶክተር ይሳቅ ከጠረጴዛው ኋላ።

«እትዬ» አለች ዝናሽ፣ «መጀመሪያ የሚያመውን ልንገርሽ። ሰይፈ ሚካኤል የሞተው አልጋው ላይ አይደለም። መጋላ፣ በርጫ ላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው አጥበው ያመጡልሽ። ጥርሱንም ጫማውንም።»

ማዘንጊያ ዞራ አየቻቸው። ሉቅማን መሬት መሬት አየ።

«ስቆ ነበር?» አለች በስተመጨረሻ።

«እያሳቀን ነበር» አለ አብዲቃድር።

ራሷን ነቀነቀች።

ዝናሽ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ማዘንጊያ ከሳሃለች። የሠራኸው አንድ ነገር ነው። ‹ጫት ትቅማለህ?› ብለህ የጠየቅከው በሚስቱ ፊት ነው። ምን እንዲልህ ፈለግክ? ‹የለም› ካለ በኋላ መሣሪያው እንዳያሳብቅበት የግድ ማውለቅ ነበረበት። ሊገድለው የሚችለውን ነገር ልታይ የምትችልበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር፤ ያንን ሰዓት ለሌላ ሰው ሰጠው። አንተም ሌሊት ሲተኛ ያለውን ልብ አይተህ ጤነኛ አልከው።»

ዶክተሩ ወደ ማያ ገጹ ዞረ። «ጫት የልብን የደም ሥር ያጠባል» አለ ለማንም ሳይሆን። «ያን ያህሉን እናውቃለን። ባየው ኖሮ…»

«አላየኸውም። እሺ፣ የሰጠው ለማን ነው? አንተ ሰውየው ይደፋል፣ ስለዚህ ሙስሊም ነው አልከኝ። ሉቅማን፣ ሰላት ቅዳሜ አለ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እሁድስ?»

«አቦ፣ ሰላት ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል እንዴ? ቢሮ ነው?»

ዝናሽ ሁለቱን ለጥ ያሉ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይሄኛው ሰው ቅዳሜና እሁድ አልተደፋም። አንድ ጊዜም። ልቡም በነዚህ ቀናት አልሮጠም። መሣሪያውን ግን ለብሶታል። ማነው ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰግዶ ሰንበትን የሚያርፍ?»

ዶክተር ይሳቅ በሰንበት ስግደት እንደሌለ ከአያቱ ሰምቶ ነበር፤ ከኮምፒውተር ላይ ማንበቡ ግን አልመጣለትም። ፊቱ ቀላ።

«የሁዳዴ ስግደት ነው» አለች ማዘንጊያ በሹክሹክታ። «የሰይፉ ንስሐ።»

«የሱ ንስሐ ነው። የሰገደው ግን እሱ አይደለም። ጫማውን ማሰር የማይችል ሰው እንዴት ተንበርክኮ ይነሳል? ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ከዚያ ግቢ አብረው ይወጣሉ። አንዱ ልቡንም ንስሐውንም ለሌላው ሰጥቶ መጋላ ይሄዳል። ሌላው ሁለቱንም ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ሐሙስ ሲመሽ ሲመለስ፣ መሣሪያው ደረቱ ላይ እየመታ፣ ሰይፉን ሞቶ አገኘው። ዓርብ ጠዋት ፌስታሉን ምስማር ላይ ሰቀለ። የት እንደሚመለስ የሚያውቅ፣ ገመዱን በደንብ የሚጠቀልል፣ ግን መናገር የማይወድ ሰው።»

ማንም ወደ ገብረወልድ አልዞረም። መዞር አላስፈለገም።

«ጋሼ» አለች ዝናሽ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሸሚዝህን ክፈትልኝ።»

ገብረወልድ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ነጭ ፀጉር የለበሰው ደረቱ ላይ መሣሪያው የተለጠፈባቸው ቦታዎች ክብ ክብ ሆነው ቀልተዋል።

በዚህ መሀል ማራገቢያው ያለ አንዳች ቅድመ ምልክት ቆመ። መብራት ሄዶ ነው። ዶክተሩ ቀና ብሎ አየው፤ የሚያደርግለት ነገር አልነበረም።

«ያዞርሃል?» አለ ወደ ገብረወልድ ጠጋ ብሎ፤ አንቱውን ረስቶት ነበር።

«አልፎ አልፎ።»

«ስማኝ ጋሼ። እንዲህ ላለ ልብ ደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ አለ፤ ልቡ ሲሮጥ ይመልሰዋል። እዚህ የለም። አዲስ አበባ ወረፋ ነው፤ ዛሬ እደውላለሁ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። እስከዚያ ክኒን እሰጥሃለሁ። ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ያየሁት ሩጫ ሁሉ የመጣው ስትሰግድ ነው። ስግደቱን ማቆም አለብህ። ዛሬ።»

«ዛሬማ እሁድ ነው» አለ ገብረወልድ።

«ነገስ?»

«ነገ ሰኞ ነው።»

ማዘንጊያ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «ወንድሜ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ። ሰይፉ ሞቷል። ንስሐው አብሮት ሄዷል። ለማን ብለህ ነው? እኔን ማን ላይ ልትጥለኝ?»

ገብረወልድ የእህቱን ጣቶች ቀስ ብሎ ዳበሰ።

«የንስሐ አባቱ ጋ እንሂድ» አለች ዝናሽ። «ይፈቱሃል።»

«ለሰይፉ እንጂ ለኔ አልሰጡኝም። ከምን ይፈቱኛል?»

ሉቅማን ከበሩ ወደ ፊት መጣ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ጨብጧል። «አቦ ጋሼ፣ ቀሪውን እኔ ልስገድለት። ወላሂ የምሬን ነው። በቀን አምስቴ ለምጄዋለሁ፤ ልቤም እንደ ኮርማ ነው፣ ዶክተሩን ጠይቀው። ቅዳሜና እሁድንም ልጨምርለት።»

አብዲቃድር ሉቅማንን ሊቆጣው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። ዓይኑን በኩታው ጠረገ። ማዘንጊያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልሄደም። ገብረወልድ ለሉቅማን ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «አይሆንም።»

ዶክተሩ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ገብረወልድ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው፤ መዋጥ አለመዋጡን ማንም ሊጠብቅ አይችልም። ዝናሽ የምትይዘው ወንጀለኛ፣ የምትጠቅሰው አንቀጽ አልነበራትም። ሰውን ከመስገድ የሚያግድ ሕግ ቢኖር እንኳ እሷ አታስፈጽመውም። ሟቹን ግን አግኝታዋለች። ፊት ለፊቷ ቆሟል፣ ረጅም፣ ጭምት፣ እየተነፈሰ።

«ጋሼ» አለች፣ «ሌላውን ሁሉ ደርሼበታለሁ። አንዱ ብቻ አልገባኝም። ሰውየው በሕይወት እያለ ለሱ ብለህ ነው እንበል። አሁን ምን አስሮህ ነው? ምክንያቱን ብቻ ንገረኝና አልጨቀጭቅህም።»

ገብረወልድ ሸሚዙን ከታች ጀምሮ ቆለፈ። የአንገቱን ቁልፍም ቆለፈው።

«አልናገርም» አለ።